ለክቡር እስክሪብቶ፣ ባሉበት ኪስ

ጉዳዩ፦ በነሐሴ ዝናብ ስላሳዩት ክብርና ዝምታ

ክቡር እስክሪብቶ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ በቀር ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት መንዝ ላይ በረዶ እንደወረደ ሰምተዋል፤ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ገብሱን አስተኛው፣ ባቄላውን ከነአበባው ከጭቃ ጋር ለወሰው። እኔም የልማት ሠራተኛ ነኝና መዝገቤን በላስቲክ ጠቅልዬ ለጉዳት ምዝገባ ወጣሁ። ገበሬው በርኖሱን ደርቦ ማሳው ዳር ተሰልፏል። ካፊያው አላባራም፣ ጉሙ ሰውና ክምር አያስለይም። የመጀመሪያው ባለተራ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን ነገሩኝ፤ እርስዎን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ዝም።

አራገፍኩዎት። ተነፈስኩብዎት። መዝገቡ ጠርዝ ላይ ክብ ክብ ብሠራ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ቀለም የሚባል ነገር አልመጣም። አንድ ጎረምሳ አዝኖልኝ ክብሪት ጫረ፤ ጫፍዎን ሳላስጠጋ ንፋሱ አጠፋው። ሰልፉ ይስቃል። ሽማግሌው ግን ሳይስቁ፣ «ልጄ፣ መንግሥት ብዕር አልሰጣችሁም እንዴ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ነቃ ብለው «ወልደ» ብለው የጻፉትና እዚያው የቆሙት። ወልደ ማን? አገሩ ሁሉ ወልደ አይደለም እንዴ!

ባልደረባዬ ጄል እስክሪብቶውን መዘዘ። እሱስ ይጽፋል፤ ቀለሙ ውኃ ነውና አንድ ጠብታ ሲያርፍበት የቤተሰቡ ብዛትና የማሳው ጥማድ ተቀላቀሉ። በመጨረሻ ያዳነን የአንድ እረኛ ልጅ እርሳስ ነው፤ ጫፉ በጥርስ የተቀረጸ፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ። ብርዱን አልፈራ፣ ካፊያውን አልፈራ፣ ሰልፉን በሙሉ ጻፈ።

ቅጹ ቢሮ ሲደርስ ተመለሰ። «በእርሳስ የተሞላ አንቀበልም። በሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ።»

እንግዲህ አንቱታው ይቅር። አንተ! እኚያ ሰው የዓመት ጉርሳቸው ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ለመፈረም ያንኑ ዳገት በዝናብ እንደገና ወጡ። ያልጻፍከው አንተ፣ ያልተቀበለው ምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው፣ የተመላለሱት እሳቸው! ተርበው ይሆናል ብሎ የጠየቀ የለም። የጠየቅነው የቀለሙን ዓይነት ነው።

ወደ አንቱታችን እንመለስ። ሕመምዎን አላጣሁትም። ቀለምዎ ዘይት አዘል ነው፣ ሲበርደው ይወፍራል። ጫፍዎ ላይ ያለችው 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ኳስ ካልተንከባለለች ቀለም አታወጣም፤ ለመንከባለል ወረቀቱን መቆንጠጥ አለባት፣ የራሰ ወረቀት ደግሞ ያንሸራትታታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው ይህን ሁሉ ማን ነገረው? ሱቅ ውስጥ እኮ ባለሱቁ ካርቶን ላይ ያስሞክረናል፤ ደረቅ ካርቶን፣ ሙቅ ሱቅ፣ እርስዎም ፈገግ ብለው ይጽፋሉ። ከአሁን በኋላ የምገዛዎት ውጭ አሳድሬ፣ ጠዋት እርጥብ ወረቀት ላይ ፈትኜ ነው። እስከዚያ ብብቴ ሥር ያድራሉ።

ሸዋ ሮቢት ስንወርድ በነጭ ሸሚዜ ላይ የፈሰሱትን አላነሣም። እዚህ የሚወፍር፣ እዚያ የሚቀልጥ! ባንክ ቤት በሲባጎ የታሰሩት ወንድምዎም ሳይጽፉ ሰው በሰልፍ ያቆማሉ፤ የእሳቸውስ ሲባጎው ያስጠይቃል።

ዘመድዎ ግን አለ። በ1961 ዓ.ም. በአፖሎ 7 ጠፈር የወጣው፣ ቀለሙ በናይትሮጅን ግፊት እየተገፋ የሚወጣ። ተገልብጦ ይጽፋል፣ እርጥብ ወረቀትም አያስቆመውም ይባላል። ዋጋውን የግዢ ክፍል እንዳይሰማ።

ስለዚህ ከእርስዎ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ወይ ይጻፉ፣ ወይ ለእርሳስ ይመስክሩለት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለግዢ ክፍል፣ ለአንድ ደርዘን እርሳስና ለአንድ መቅረጫ
ለቅጽ ተቀባያችን፣ ለሚቀጥለው በረዶ ቦት ጫማና ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዘው ማሳ ላይ እንዲገኙ