ክርክር፦ ሰው ጨረቃ ላይ ወርዷል? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ.)

አምናለሁ ባይ፦ «ጨረቃ ላይ አየር ከሌለ ባንዲራው ለምን ተወዛወዘ? በፎቶው ላይስ ኮከብ ለምን አይታይም?» የሚሉትን ጥያቄዎች ባጭሩ ልለፋቸው። ባንዲራው ከላይ አግዳሚ ዘንግ ነበረው፤ ሲነኩት ይወዛወዛል፣ የሚገታው አየር ስለሌለም ቶሎ አይረጋም። ካሜራው ደግሞ ፀሐይ ለመታው መሬት በ1/250 ሰከንድ ገደማ ሲከፈትና ሲዘጋ ደካማ ኮከብ አይዝም። ዋናው ማስረጃ የአሜሪካው የጨረቃ ጉዞ አፖሎ 11 በሐምሌ 1969 ጨረቃ ላይ የተከለው አንጸባራቂ ነው፦ ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልሱ 100 ፕሪዝሞች አሉት። ዛሬም ሌዘር ሲላክበት 2.5 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይመለሳል። ሰው ባይሄድ ማን ይተክለው ነበር?

ተጠራጣሪ፦ ማን? ሮቦት! የሶቪየቱ ሉኖኮድ 1 በ1970 ፈረንሳይ የሠራችውን አንጸባራቂ ይዞ ያለ ሰው አርፏል። በ1962 ደግሞ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንጸባራቂ ሳይኖር ከጨረቃ የተመለሰ ሌዘር ይዘዋል። ዋና ማስረጃ ያሉት ይህን ነው?

አምናለሁ ባይ፦ የ1962ቱን ግማሹን ብቻ ነው ያነበቡት። ሳያነቡ መጠራጠር ቀላል ነው። ባዶ አፈር ላይ ያረፈ ብርሃን ከቅርቡም ከሩቁም እየተዘበራረቀ ስለሚመለስ የተላከው አጭር የብርሃን ምት ይለጠጣል። ከአንጸባራቂው የሚመለሰው አጭርና ጥርት ያለ ነው። ጨረቃ በዓመት 3.8 ሴንቲሜትር እንደምትርቅ የታወቀው በዚህ ነው።

ተጠራጣሪ፦ አንጸባራቂ የለም አላልኩም። «ማን ይተክለው ነበር» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ሉኖኮድን ሳይመልሱ ዘለሉት። ሳላነብ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ይህን ቃል ያንሱልኝ።

አምናለሁ ባይ፦ አንጸባራቂው ለብቻው የሰው እግር አያስመሰክርም፣ እሺ። ድንጋዩስ? ስድስቱ የአፖሎ ጉዞዎች 382 ኪሎ አመጡ፤ ሦስት የሶቪየት ሮቦቶች ያመጡት ተደምሮ 300 ግራም ገደማ ነው። ድንጋዮቹ ፊታቸው ላይ ከጠፈር በሚወረወር ደቃቅ ቅንጣት የተበሱ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏቸው። ምድር ላይ ያን ቅንጣት አየሩ ያስቀረዋል።

ተጠራጣሪ፦ ከጨረቃ የተላከው ምስል የተቀዳበት የአፖሎ 11 ዋና ቴፕ የት አለ? የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳ ራሱ በ2009 ተደምስሶ በላዩ ሌላ ሳይቀዳበት አልቀረም ብሏል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ያጠፋ መሥሪያ ቤት በምን አፉ እመኑኝ ይላል?

አምናለሁ ባይ፦ ያ ቴፕ መጠባበቂያ ነበር። የጨረቃው ካሜራ በሰከንድ 10 ምስል በ320 መስመር ይልካል፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚፈልገው 30 ምስል በ525 መስመር ነው። ስለዚህ አውስትራሊያ ሃኒሰክል ክሪክን በመሰሉ መቀበያ ጣቢያዎች ሌላ ካሜራ ስክሪን ላይ ተደቅኖ ነበር የሚለወጠው፤ ምስሉ የደበዘዘው እዚያ ነው። የተለወጠው ግን በቀጥታ ተላልፎ በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀድቶ ተርፏል። አሁን የሚሟገቱት አልሄዱም ብለው ነው ወይስ መዝገብ አልያዙም ብለው?

ተጠራጣሪ፦ መዝገቡን ማጥፋት ጥፋት ነው ወይስ አይደለም?

አምናለሁ ባይ፦ ጥፋት ነው። ስለ ድንጋዩ ግን አልመለሱልኝም።

ተጠራጣሪ፦ እርስዎም ቃልዎን አላነሱልኝም።