የሰፈር ኳስ ጠብ ብቻ አይደለም

ስለ ሰፈር ኳስ የተጻፈ አንድ ጽሁፍ ላይ "የሰፈር ውድድር የጠብ ምክንያት ከመሆን አያልፍም" የሚለውን ሳነብ በጣም ነው የከፋኝ። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ ለሰፈራችን ቡድን በግራ ተመላላሽ እጫወታለሁ፣ ከካዛንችስ ልጆች ጋ ያለን እልህ ደሞ የቆየ ነው፣ ከነሱ ጋ ተደለደላችሁ ከተባለ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈር ውስጥ ሌላ ወሬ አይኖርም ነበር። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ግን ተበታተንን፣ በ2017 ደሞ የነሱም ተራ ደረሰ። እና ግማሽ ፍጻሜ አራት ኪሎ ስንገናኝ ከሁለቱም ቡድን ግማሹ ልጅ ከየኮንዶሚኒየሙ በሌሊት ተነስቶ ሁለት ሶስት ታክሲ ይዞ ነው የመጣው፣ አምና ሊደባደበኝ የነበረው አጥቂያቸው ገና ሲያየኝ አቅፎ "እናትህ እንዴት ናቸው፣ አዲሱን ቤት ለመዱት?" አለኝ።

ጨዋታው ግን ጨዋታ ነው፣ ማንም ለማንም አላዘነም። 1 ለ 1 አልቆ ፔናሊቲ ሄድን፣ በረኛችን ጓንቱ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ በፕላስተር ጠቅልሎት ሁለት አዳነ፣ እንደዛም ሆኖ 4 ለ 3 ተሸነፍን፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጊዮርጊስ እኮ በ1928 አራዳ ላይ ሲመሰረት የሰፈር ልጆች ቡድን ነበር!! አሁን የድሮ ጎረቤቶቻችንን አንድ ላይ የምናገኛቸው ሜዳ ዳር ብቻ ነው፣ እማማዎቹ ሳይቀሩ ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። ጸሐፊው በናትህ አንድ ቀን መጥተህ እይ፣ ቅዳሜ የደረጃ ጨዋታ አለን።