ደወሉ ሲደወል ቡናው ቶና ላይ ነበር

በጎ ፈቃደኛ ሰው ከወንበር በቀር የማይሰጠው ነገር የለም። ደሙን ይሰጣል፣ ጊዜውን ይሰጣል፣ የጠበበውን ኮቱን ይሰጣል። የፊት ረድፍ ወንበሩን ግን እንዳትነኩበት! የማያምን ካለ የበጎ አድራጎት ክለቦች አካባቢያዊ ጉባኤ ደሴ ላይ ሲደረግ ይምጣና ይይ። በ2፡30 ይጀመራል የተባለው ስብሰባ 3፡15 ሲሆን ገና ወንበር ላይ ነበር። ከፊት በተደረደሩት ሶፋዎች ላይ «ለክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ ጠጋ ብሎ ወረቀቱን ያነብና ግራ ቀኙን አይቶ ይቀመጥበታል። ሁለተኛው ይመጣና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የተያዘ ነው» ይለዋል፤ እንዲነሳ ሳይሆን ጠጋ እንዲልለት። በመጨረሻ ለሦስት ሰው በተሠራው ሶፋ ላይ አምስት ትሁት የሕዝብ አገልጋዮች ተጣበቁበት። የክብር እንግዳው ሲገቡ አምስቱም በአንድነት ብድግ አሉ፤ በአንድነትም ተቀመጡ። እንግዳው ከኋላ ወንበር ተፈለገላቸው።

የዚህ ዓይነት ክለብ ጥንቱ ከቺካጎ ነው። ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1905 ከሦስት ወዳጆቹ ጋር፣ ከአንድ የማዕድን መሐንዲስ፣ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ማለት ነው፣ ሮታሪን ጀመረ። ስብሰባውን በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ እያዞሩ ያደርጉት ስለነበር የእኛን የጽዋ ማኅበር ይመስላል፤ ጠላው ሲቀር። በ1917 ደግሞ እዚያው ቺካጎ ሜልቪን ጆንስ ላየንስን አቋቋመ። ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ሮታሪ እስከ 1989 አስቦበታል፤ ቸኩሎ አያውቅም። ይህን ሁሉ ከመድረክ የነገሩን ሰዎች ዘለው ያለፉት ግን አንድ ታሪክ አለ። ሮታሪ ለቺካጎ ሕዝብ ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ዛሬ «ራዕይ» እና «ተጽዕኖ ፈጣሪነት» መጥቶ ይህን የሚያነሳ ጠፋ። በእኛ አዳራሽ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ያለው አንዲት አስተናጋጅ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አስተናጋጇ ደግሞ ሰኞ ገበያ ወርዳለች። እግሩን አጠላልፎ የተቀመጠው ታዳሚ ንግግሩን በጥሞና የሚከታተል ይመስል ነበር።

ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ኮምቦልቻ ላይ ከአውሮፕላን የወረዱት በሸሚዝ ነው። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የመኪናውን መስኮት ዘጉ፤ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዘው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርሱ ጋቢ ጠየቁ። ጋቢውስ ተገኘ። ፎቶ በተነሱ ቁጥር «ላውልቀው ወይስ ልተወው?» የሚለው ክርክር ግን እስከ ማታ አልተቋጨም።

በፕሮግራሙ ላይ «ትውውቅ፣ 10 ደቂቃ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ወይ ወሎን አያውቅም ወይ አማት የለውም። አንድ ወጣት ተነስቶ ስሙን፣ ክለቡንና ሙያውን ተናግሮ ሊቀመጥ ሲል ከመሀል ረድፍ አንዲት እናት «ልጄ፣ የየት ነህ?» አሉት።

«የወረኢሉ።»

«ከወረኢሉ የማን?»

በቃ። ልጁ የአባቱን ስም ጠራ፣ እሳቸው የአያቱን ጨመሩለት። በአንድ ወገን ሼህ፣ በሌላው ወገን ቄስ አያት ያለው ሰው ስለሆነ ቆጠራው በሁለት መስመር ነው የሚሄደው፤ ጊዜውም እጥፍ ነው። ከኋላ ያለ አንድ ሰውዬ «ቄሱማ የእኛ ናቸው!» ብሎ ተነሳ። ወንበር ተገፋ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ መሞታቸው ያልተሰማ ዘመዶች ዜና እዚያው ተሰማና «አላህ ይማራቸው» «ነፍስ ይማር» ተባለ። መድረክ መሪው በማይክ «ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ አጀንዳችን» ቢል እናትየው ዞር አሉና «አንተስ ልጄ፣ የየት ነህ?» አሉት። ተንታ አለ። ተንታ ማለቱ ነው ጉባኤውን የጎዳው፤ ለካ እናትየው የአጎቱ ሚስት እህት ኖረዋል። ከዚያ በኋላ እሳቸውን «ይቀመጡ» ማለት ነውር ሆነ። አሥሩ ደቂቃ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ከሩብ ሞላው።

ክለብ ያለ ቅጣት አይሆንም። ከአባላቱ መካከል አንዱ የሥነ ሥርዓት አስከባሪ ተብሎ ይመረጥና አርፍዶ የመጣውን፣ ስልኩ የጮኸበትን፣ ባጁን ያላደረገውን በሳቅ በጨዋታ እየቀጣ ገንዘቡን ለበጎ ሥራ ይሰበስባል። የእኛው አስከባሪ ደረቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አጋድሞ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ ነበር የሚዞረው። አንዱን ባለ ሱፍ «ባጅ የለም፣ ሃምሳ ብር!» ብሎ አቆመው። አጠገቡ የተቀመጡት በእንግድነት የተጠሩ አንድ የቅሬ ዳኛ ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ነው የሚለው፤ ዳኛው ደግሞ ስንት ዘመን ሰው ሲቀብሩና ሲያስቀብሩ የኖሩ፣ ሳቅ የማይቸኩልባቸው አዛውንት ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አጠፋ?» አሉት።

«ባጁን ረስቶ ነው የመጣው፣ አባባ።»

«እሱ ራሱ ግን መጥቷል?»

«አዎ፣ ይኸው መጥቷል።»

«እኛ የምንቀጣው የቀረውን ነው» አሉት።

አስከባሪው ጥቂት አሰበና ሳያስፈቅዱ በመናገራቸው ሃምሳ ብር ቀጣቸው። ዳኛው ከጋቢያቸው ሥር ከረጢታቸውን ፈትተው ከፈሉ። ደረሰኝ ግን ጠየቁ። ደረሰኝ አልነበረም። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚሰበስብ ገንዘብ ያዥ በቅሬ ደንብ ምን እንደሚደረግ ለአጠገባቸው ሰው በዝርዝር ሲያስረዱ ባልዲው ቀስ ብሎ ከዚያ አካባቢ ራቀ።

ሪፖርት ቀጠለ። ስለ ሪፖርት ብዙ አልልም፤ ሁላችንም ሰምተን እናውቃለን። አንድ ምስል ብቻ አልወጣልህ አለኝ። ፕሮጀክተሩ ላይ ለተማሪ ደብተር ሲሰጥ የሚያሳይ ፎቶ ወጣ። ስምንት ትልልቅ ሰዎች ተደርድረው ካሜራውን እያዩ ይስቃሉ፤ አንዲቷን ደርዘን ደብተር ስምንቱም ጫፍ ጫፏን ይዘዋታል። ተማሪውን ፈለግሁት። ከደብተሩ ሥር፣ በሁለት ከረባቶች መካከል፣ አምስት ትንንሽ ጣቶች ይታያሉ። «ተጠቃሚያችን» አለ አቅራቢው በሌዘር እያመለከተ፤ ቀዩ ነጥብ ግን ያረፈው የሊቀመንበሩ ከረባት ላይ ነው።

ደግሞ ክለብ ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ካለፍኩ ነገሬ ፍርደ ገምድል ይሆናል። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮን ከዓለም ላጥፋ ብሎ ሲነሳ ብዙዎች ስቀው ይሆናል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የዓለም አገሮች አብረው ሲነሱ በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች በየዓመቱ 350,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛውን ሕፃናት፣ ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ የተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ስርጭቱ ያልተቋረጠባቸው አገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን። ይህ በከረባት ብቻ የመጣ አይደለም። የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ የአምባሰልን ዳገት የወጣች ልጅ አለችበት፤ በር አንኳኩታ፣ ውሻ አባርሯት፣ ጠብታውን ልጁ አፍ ውስጥ ጠብ አድርጋ፣ ጣቱን በቀለም ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ደጅ የሄደች። የእሷን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዳገቱን መውጣት ስላለበት ፎቶዋ የለም።

ወደ ቡናው እንምጣ፤ የጉባኤው ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው። ፕሮግራሙ «የሻይ ዕረፍት፣ 15 ደቂቃ» ይላል። አዘጋጆቹ ግን ለእንግዳ ክብር ሲሉ ኮሪደሩ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ረከቦት ዘርግተው፣ አንዲት ቡና አፍይ እትዬን አስቀምጠዋል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አሥራ አምስቱ ደቂቃና ረከቦቱ ማለቴ ነው። እጣኑ ሲጨስ አምስት ደቂቃ ሄደ። ቡናው ተቆልቶ በየሰዉ አፍንጫ ሥር ሲዞር፣ እጅ እያርገበገበ ጭሱን ወደ ራሱ የማይስብ የለምና፣ ሌላ አምስት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው መቀዳት ሲጀምር የአዳራሹ ደወል ተደወለ።

ከአዲስ አበባ የመጡት የጉባኤው ሰብሳቢ ስኒያቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። ሰዓት አክባሪ ሰው ናቸው፤ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

«አበሽር ጌታው፣ ወዴት ነው?» አለቻቸው እትዬ ጀበናውን እየደፋች።

«ደወሉ ተደወለ እኮ።»

«ይደወል! ገና ቶና ነው። በረካውን ጥለው ሊሄዱ? ምርቃቱን ማን ይቀበልልዎ?»

ሰብሳቢው ወደ ደወሉ አዩ፣ ወደ ሼሁ አዩ። ሼሁ እጃቸውን ለዱዓ ማንሳት ጀምረዋል። ተቀመጡ።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ ከግድግዳው ጥግ ባሉት በርጩማዎች ላይ ሦስት ሰዎች ወሬ የጀመሩት። አጀንዳ ቁጥር አራት ከከተማው ወጣ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት የውሃ ጉዳይ ነበር፤ ምንጩ ተጎልብቷል፣ ወደ ግቢው የሚያደርስ ቱቦ ግን የለም።

«ስንት ሜትር ይፈልጋል?» አለ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው።

«አራት መቶ ቢሆን ነው» አለ ከውሃ ሥራ ጡረታ የወጣው።

«ከሌላ ሥራ የተረፈኝ ጥቁር ቱቦ ጥቅልል አለ። ለማን ልሸጠው ብዬ ነበር።»

«ሐሙስ አይሱዙዬ ከኮምቦልቻ ባዶዋን ነው የምትወጣው» አለ ሦስተኛው።

«በሉ፣ ልጆቹ ይቆፍሩ፣ ማገጣጠሙን ለእኔ ተዉት።»

አንዱ ስኒውን ለቶና አቀበለ። ነገሩ አልቆ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። በረካው ገና አልተቀዳም።

ሁሉም ሲመለስ ሰብሳቢው አጀንዳ አራትን ከፈቱ። አንድ ተናጋሪ «ውሃ ሕይወት ነው» አለ፤ ተጨበጨበለት። ሌላው «ዘላቂነቱስ?» ሲል ጠየቀ፤ ይበልጥ ተጨበጨበለት። ነጋዴው ሦስት ጊዜ እጁን አወጣ። ሦስቱንም ጊዜ «ዕድሉን ላልተናገሩት እንስጥ» ተብሎ አለፉት፤ አንድም ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ አምስት አባላት ያሉት አጥኚ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ እጁን ብዙ ጊዜ ስላወጣ ንቁ ተሳታፊ ነው ተብሎ ነጋዴው ፀሐፊ ሆኖ ተመረጠ። ቡናው ላይ ያለቀለትን ሥራ እስከሚቀጥለው ጉባኤ አጥንቶ እንዲያቀርብ ማለት ነው። ኮሚቴው ማኅተም ይኑረው አይኑረው በሚለው ላይ የተደረገው ውይይት ብቻ አንድ ጥቅልል ቱቦ ይዘረጋ ነበር። ቃለ ጉባኤው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቢመጣ ጡረተኛው አጉረመረሙ፤ ውጫሌ እዚሁ ጎረቤታችን ናት፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ምን እንደሚያመጣ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ እናውቀዋለን አሉ። በአማርኛ ብቻ ተጻፈ።

የእራቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ማሲንቆ ነበር፣ ቃል መግባትም ነበር። ማሲንቀኛው በባቲ ሲጀምር ቃል የሚገባው በሺህ ነበር፤ ወደ አምባሰል ሲያዞረው በአሥር ሺህ ሆነ። አንዱ በስሜት ተነስቶ ለአንድ ክሊኒክ ሙሉ ጣሪያ ቃል ገባ፤ ሰው እልል አለ፤ ሚስቱ አላለችም። በማግስቱ ገንዘብ ያዡ በየስማቸው ሲደውል አብዛኛውን ያነጋገረችው ያች የምናውቃት የቴሌ ሴትዮ ናት፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም። የቅሬው ዳኛ ይህን ሰምተው ስልክ አያስፈልግም፣ ቤቱን ንገሩኝ አሉ ይባላል። እስካሁን የነገራቸው የለም።

የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው አጀንዳ ከአዲስ አበባው ሰብሳቢ የመጣ ነው፤ ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ በደወልና በጀበና መካከል ተጨንቀዋል። በሚቀጥለው ጉባኤ የዕረፍት ጊዜው ወደ አሥር ደቂቃ እንዲያጥር፣ ቡናውም በፔርሙዝ ተቀድቶ እንዲቀርብ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተደገፈ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ፀሐፊው ቆሞ ረድፍ በረድፍ ሲቆጥር አስከባሪው ከነባልዲው፣ ሰብሳቢው፣ የፕሮጀክተሩ ልጅና ሶፋቸውን እንዳያጡ የሰጉት አምስቱ ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ የውሳኔ ሐሳቡ ወደቀ። ቀሪው አባል ኮሪደር ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ጀበና ገና መጣዱ ነው።