ከዚራ ላይ የተጋባን የውጭ አገር ሰዎች

አምና ጥር ወር ድሬዳዋ ነበርኩ። አንድ ቀን ማምሻውን፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከባለቤቴ ጋር ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰላምታ ሰጥቶን አጠገባችን ተቀመጠ። ባለቤቴ ወደ ካናዳ ለመምጣት የጉብኝት ቪዛ ሊጠይቅ መሆኑን ሰምቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረው፦ "ማግባትህን አታንሳ። ሚስቴ እዚያ ናት ካልክ አይመለስም ይሉሃል። ያላገባህ ነጋዴ ነህ፤ የምትሄደው ለአሥር ቀን ዕቃ ልታይ ነው። የባንኩን ወረቀት እኔ አዘጋጅልሃለሁ።"

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያምንበትን ነው የነገረን። እኔ ግን ደነገጥኩ። ባለቤቴን ወደ ቶሮንቶ ለማምጣት የከፈትኩት የስፖንሰርነት ፋይል ያን ጊዜ አራት ወር ሆኖታል። በዚያ ፋይል ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን፣ የሠርጋችን ፎቶግራፍና የሁለታችን ፊርማ አለ። በአንዱ ማመልከቻ ባል፣ በሌላው ወንደላጤ ሆኖ በአንድ መንግሥት ደጃፍ ሊቆም ነው። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ ሐሰት የተናገረን ወይም ዋና ነገር የደበቀን አመልካች ለ5 ዓመት ያግዳል፤ በእነዚያ ዓመታት ለቋሚ ነዋሪነትም ማመልከት አይችልም። ለአሥር ቀን ጉብኝት ሲባል አምስት ዓመት ትዳር ማቃጠል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ውሸቱ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። የዚያው ሕግ 22ኛ አንቀጽ፣ አንድ ሰው ወደፊት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ማሰቡ ብቻውን ዛሬ ለጉብኝት ከመግባት እንደማያግደው በግልጽ ይናገራል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ እንደሚወጣ መኮንኑ ማመን አለበት። "ነገ ልኖር እመጣለሁ፣ ዛሬ ግን ልጠይቅ መጥቼ እመለሳለሁ" ማለት ሕጋዊ ነው። ይህን አንቀጽ በድሬም በቶሮንቶም ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላስታውስም። የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

የማያምኑበትን ምክንያትም አውቃለሁ። ሥራ፣ ንብረት፣ ቤተሰብ የት እንዳለህ ይጠየቃል፤ ሰውን ወደ አገሩ የሚመልሰው እሱ ነውና። ባልና ሚስት በድንበር ሲለያዩ ግን ከገመዶቹ ሁሉ የጠነከረው ወደ ማዶ ይስባል። የመጀመሪያው ማመልከቻችን፣ እውነቱን ሁሉ ጽፈን፣ በአጭር ደብዳቤ ተመልሶብናል። ያን ቀን ባለቤቴ በስልክ "አየሽ?" ብቻ ነው ያለኝ። ውሸት የሚወለደው በእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ስለዚህ በሰዎቹ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ፎርሙ ባለቤቴን "የውጭ አገር ዜጋ" ይለዋል። ከእናቴ ቤት ሁለት ግቢ አልፎ የተወለደ ልጅ ነው። እኔም ቦሌ ስደርስ የውጭ አገር ዜጋ ነኝ፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የምገባው ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው መታወቂያ፣ በቢጫ ካርድ ነው። ቪዛና የሥራ ፈቃድ ስለማያስፈልገኝ ካርዱን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ከዚራ ላይ ተወልደን ከዚራ ላይ የተጋባን ሁለት ሰዎች አንዳችን በሌላችን ድንበር ባዕድ ነን።

አክስቴ እዚያው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነበር ቤቷ። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ድሬዳዋ በ1902፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የወለዳት ናት፤ ትዳርም ሸቀጥም በዚያው ሐዲድ ይመላለስ ነበር። አክስቴ የጋብቻ ወረቀት አልነበራትም። ባሏ ሲሞት ጎረቤቶቿ ፍርድ ቤት ቀርበው "ባልና ሚስት ነበሩ፤ እኛም እንደዚያው እናውቃቸዋለን" ብለው መሰከሩላት። በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ይቀበላል፤ የምስክር ወረቀት ከሌለ አብሮ መኖራቸውና ቤተሰቡና ማኅበረሰቡ እንደ ባልና ሚስት ማየቱ ማስረጃ ይሆናል።

እኛ ደግሞ ለፋይላችን ሃያ ፎቶግራፍ መረጥን። የስልክ ጥሪዎቻችንን ዝርዝር፣ የላክሁትን ገንዘብ ደረሰኝ፣ የአውሮፕላን ትኬቶቼን ሰበሰብን። ባለቤቴ እናቴ በታመመችበት ክረምት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል አጠገቧ ማደሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ግን የለም። ትዳራችንን ከዚያ ይበልጥ የሚገልጽ ነገር አላውቅም።

ቢሆንም አገር ቤት ሁሉ ነገር የተሻለ ነው አልልም። የባለቤቴ አያት ስም በመታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ የትውልድ ቀኑም ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቷል። ያን ለማረም ሁለት ወር ፈጀ፤ ለጣት አሻራና ለጤና ምርመራም 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ወርዷል። ማዶ ያለው ሥርዓት ቀዝቃዛ ቢሆንም ደንቡ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ፋይሌ የት እንደደረሰ ቤቴ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ስፖንሰር ማለት ዋስ ማለት ነው። ባለቤቴ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት መሠረታዊ ኑሮውን እንደምችል ፈርሜአለሁ፤ ብንፋታ እንኳ ግዴታው አይወርድልኝም። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው "እንግዲህ ዋስ ሆነሻል" አሉኝ፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በጣም ያሳሰበኝ ግን መጠበቁ በባለቤቴ ላይ የሠራው ነገር ነው። ማቀዝቀዣና ቬንትሌተር ጠጋኝ ነው፤ በድሬ ሙቀት ሥራ የማያጣ ሰው። "ፕሮሰስ ላይ ነው" የሚለው ወሬ ከተሰማ በኋላ ቀፊራ አካባቢ ያለችውን ሱቁን ለቀቀ። ለምን ስለው "መሄዴ አይደል?" አለኝ። የሰፈሩ ዕቁብ አላስገባውም፤ "ሂያጅ ነህ፤ ዕጣ ቀድሞ ቢደርስህና ብትሄድ ቀሪውን ማን ይከፍላል?" አሉት። ገና አገሩ ላይ ያለ ሰው ከአገሩ ኑሮ ወጥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ሆነው ሁለት ሦስት ዓመት የተቀመጡ ወንዶችና ሴቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ከማዶ በሚላክ ገንዘብ እየኖሩ፣ ሙያቸው እየዛገ። የምንልከው ገንዘብ ሲያሳርፋቸው እናስባለን እንጂ ሲያሰናክላቸው አናስተውልም።

ሱቁን መልሶ እንዲከራይ አጥብቄ ለመንኩት። ተቆጣ፤ ሳምንት ያህልም በቅጡ አልተነጋገርንም። ከዚያ ከፈተ። ሁለተኛውን የጉብኝት ማመልከቻ ስናስገባ ጋብቻችንንም፣ ክፍት የሆነውን የስፖንሰርነት ፋይልም፣ የንግድ ፈቃዱንና የሱቁን የኪራይ ውልም አያያዝን። ቪዛው ተፈቀደ።

ጥቅምት ላይ ቶሮንቶ ሲደርስ እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ቪዛ መያዝ መግባትን እንደማያረጋግጥ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የድንበሩ መኮንን መሆኑን ስለማውቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። መኮንኗ "ማን ዘንድ ነው የምትሄደው?" አለችው። "ሚስቴ ዘንድ።" "ስፖንሰር አድርጋሃለች?" "አዎ።" "ታዲያ ትመለሳለህ?" "ታኅሣሥ ላይ እመለሳለሁ። ሙቀት ሳይገባ የሰዎችን ማቀዝቀዣ ማድረስ አለብኝ።" ለጎብኚ እንደተለመደው ስድስት ወር ፈቀደችለት።

ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ። ፋይላችን ገና አልተዘጋም። ባለፈው ሳምንት ከሱቁ ደወለልኝ፤ ዕቁቡ አስገብቶታል፣ በሦስተኛው ሳምንትም ዕጣ ወጥቶለታል። ገንዘቡን ለመቀበል ዋስ ያስፈልገው ነበር። የፈረሙለት "ሂያጅ ነህ" ብለው የመለሱት የዕቁቡ ዳኛ ናቸው።