አብሽር፣ ዝናብ ይወስደዋል

ዶፍ ሲወርድ ደሴ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ ከገመድ ላይ ልብሱን ሊሰበስብ ይሮጣል። ሌላው ቆሻሻ የሞላ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወደ ቦዩ ይሮጣል። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ሰው ምስጋና ነው። ዘገየ እንጂ ድሮም ይገባው ነበር።

ሰፈራችን ተዳፋት ነው። ደሴን የሚያውቅ «ተዳፋት ያልሆነው ሰፈር የትኛው ነው?» ይለኝ ይሆናል፤ እውነቱን ነው። ጦሳ ተራራ ከላይ ሆኖ እኛን ያያል፣ እኛ ደግሞ ከእኛ በታች ያለውን ጣሪያ እናያለን። እያንዳንዱ ቤት ከበላዩ ጎረቤት አለው፣ ከበታቹም ጎረቤት አለው። ከላይ የሚመጣውን እየረገመ ይቀበላል፣ ወደ ታች የሚሄደውን መርቆ ይሸኛል።

ከጎረቤቶቼ ሁሉ የማደንቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የቡና አጣጭ ስም አይጠራም። ለሁሉም ነገር «አብሽር» ስለሚሉ ጋሽ አብሽር ልበላቸው። መብራት ሲጠፋ አብሽር። ውሃ ሁለት ሳምንት ሲጠፋ አብሽር። ብድር ሲጠየቁም አብሽር ነው መልሳቸው፤ ብሩ ግን የለም።

ባለፈው እሑድ እሳቸው ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ከሰሉ ይጨሳል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ቶናውን ይቀዳሉ። የጋሽ አብሽር ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ስለ ኑክሌር ታወራለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አገሪቱ ወደ ኑክሌር ኃይል እንደምትገባ ተናግረዋል። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሃ ግብር ተፈረመ፤ ኧረ ሁለት ሳምንት ሞልቶታል፣ መስከረም አጋማሽ ነበር። ብቻ ይህንን ታወራለች።

ጋሽ አብሽር ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እሺ ኃይሉስ ይሁን» አሉ። «ዝቃጩን የት ሊደፉት ነው? እታች ሰው አለ እኮ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬም ጀበናቸውን እንደያዙ ቀሩ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ከምሁር አፍ ሰምቼ አላውቅም። «እታች ሰው አለ እኮ!» ይህን የተናገሩት ሰው ሐሙስ ማታ በዶፍ ዝናብ ሁለት ማዳበሪያ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ የገለበጡት ሰው ናቸው። አይቻቸዋለሁ። የራሴን ልገለብጥ ወጥቼ ነበር።

መልሱን ሬዲዮዋ ልትነግረን ስትል ድምፅዋ ሰለለ። ጋሽ አብሽር ከጀርባዋ ከፍተው ሁለቱን የባትሪ ድንጋዮች አወጡ፣ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው መለሷቸው። ትንሽ ተናገረች፣ ደግሞ ጠፋች። ድንጋዮቹን መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዲመታቸው አሰጧቸው። እኔም እስኪሞቁ ድረስ የማውቀውን ልንገርዎት አልኳቸው።

ፊንላንዶችን እንውሰድ። ምስኪኖች ናቸው። እንደኛ ያለ ተዳፋት የላቸውም፣ ቦርከና ወንዝም የላቸውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለት ሲቆፍሩ ኖሩ። ኦንካሎ ይሉታል። ከምድር በታች 430 ሜትር ገደማ የሚወርድ ዋሻ ነው፤ አለቱ ራሱ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ነው። ያገለገለውን የዩራኒየም ነዳጅ በመዳብ በተለበጠ ከባድ ሣጥን ያሽጉታል። ሣጥኑን ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ይጠቀጥቁበታል። ከዚያ ዋሻውን ደፍነው ሊሄዱ ነው። ይህ ሁሉ ለ100,000 ዓመት እንዳይወጣ ነው።

ጋሽ አብሽር አዘኑላቸው። እሳቸው ይህን ሁሉ በአንድ ማዳበሪያና በአንድ ደመና ይጨርሱታል። ጥልቀቱ የቦዩ ጥልቀት ነው። ዘመኑም እስኪያባራ ድረስ ነው።

«መቶ ሺህ ዓመት?» አሉ። «ማን ሊቆይ!»

ሉሲ ቆይታለች አልኳቸው። ስትገኝ ሐዳር ወሎ ነበር፤ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝታለች። ያወጣትም ጎርፍ ነው፣ አፈሩን እየሸረሸረ። ዝናብ ይወስዳል እንላለን እንጂ ያወጣልም። ይህ ነገር ብዙም አልጣማቸውም። «እሷ አፅም ናት» ብለው ዘጉት።

ያም ሆነ ይህ የኑክሌር ሰዎች አንድ የሚያስቅ አመል አላቸው፤ ይቆጥራሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከኃይል ማመንጫዎቿ ያወጣችው ያገለገለ ነዳጅ 90,000 ቶን ገደማ ነው። ሁሉንም ሰብስበው የሆጤን የኳስ ሜዳ በሚያክል ቦታ ቢደረድሩት ከፍታው 9 ሜትር አይሞላም። የሚሊዮን ቤቶች አምፖል የበራበት አተላ አንድ ሜዳ ላይ ያልቃል ማለት ነው። መጀመሪያ ውሃ ገንዳ ውስጥ ዓመታት ያበርዱታል፣ ቀጥሎ በብረትና በኮንክሪት ጋን ያሽጉታል፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ ይጠብቁታል። እስቲ ከመካከላችሁ የዛሬ ሦስት ሳምንት የጣለው ፌስታል አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

እዚያም ቢሆን ጣጣው አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኔቫዳ ውስጥ ዩካ የሚባል ተራራ ተመረጠ፤ እዚያ ይቀበር ተባለ። የኔቫዳ ሰው «ከአገር ሁሉ እኛ ደጃፍ?» አለ። እስከ ዛሬ አልተቀበረም። ጋኖቹ በየማመንጫው ግቢ ቆመው ይጠብቃሉ። ይህን ስነግራቸው ጋሽ አብሽር ኔቫዳዎችን ወደዷቸው። የሰው ቆሻሻ አልቀበልም ማለት የተከበረ ባህል ነው።

ደግሞ «አብሽር» የወሎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስሙ ይለያያል እንጂ ዓለም ሁሉ ብሎታል። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ትልልቆቹ አገሮች ጨረር ያለበትን ቆሻሻ በበርሜል እያሸጉ ውቅያኖስ ውስጥ ሲወረውሩ ነበር። ባሕር ይወስደዋል ብለው። ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1993 ነው። ሶቪየቶች ደግሞ ቦርከናን የሚያስንቅ ወንዝ አግኝተው ነበር። ቴቻ ይባላል። ማያክ የተባለው የፕሉቶኒየም ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1956 ድረስ ጨረራማ ፍሳሹን እዚያ ወንዝ ውስጥ ለቀቀው። እታች ሰው ነበር። ከብቱን የሚያጠጣ፣ ልጁን የሚያጥብ፣ ምን እንደሚጠጣ ያልተነገረው ገበሬ። ኋላ መንደሮቹ ተነሡ። በ1957 ደግሞ እዚያው ፋብሪካ የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ጋን ፈነዳ፤ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ማንም አልጠገነውም ነበር።

ቼርኖቤል የፈነዳው የሶቪየቶች የኑክሌር ማመንጫም ቢሆን ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሌሊት ላይ ሙከራ ሲያደርጉ የድንገተኛ ማቀዝቀዣውን ዘግተውት ነበር። ማብላያው፣ ሪአክተሩ ማለት ነው፣ ራሱ ጉድለት ነበረበት፣ አሠሪዎቹም ጉድለቱን በቅጡ አልተነገራቸውም። በሩሲያኛ «አብሽር» ምን እንደሚባል አላውቅም። ያን ሌሊት ግን የተባለ ይመስለኛል።

እትዬ በዚህ መሐል ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው «ታዲያ ለምን ይገነባል?» አሉ። ሰው የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ አጭር። ከሰል አያጨስማ አልኳቸው። በድንጋይ ከሰል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ለማግኘት 820 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይወጣል። በኑክሌር 12 ግራም ገደማ ነው፣ ከማዕድን ቁፋሮው ጀምሮ ተቆጥሮ። ዝናብም አይጠብቅም። የእኛ መብራት ከግድብ ነው፤ ግድብ ከሰማይ ነው። ሰማይ ሲጨክን ምን እንደሚመስል ወሎን የሚያስተምር የለም። እትዬ «እሱስ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። በሌላ በኩል ውድ ነው፣ ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል፣ ማቀዝቀዣ ውሃ ይጠጣል፣ የዩራኒየም ማዕድኑም የራሱን የዝቃጭ ክምር ትቶ ነው የሚሄደው። አፍሪካ ውስጥ ዛሬ የሚሠራው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ ብቻ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ኩበርግ።

ጋሽ አብሽር ግን ልባቸው ዝቃጩ ላይ ነው። «ጨረር ዘላለም ነው» አሉ። እንዲያውም አይደለም። ሲዚየም የሚባለው በ30 ዓመት ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ፕሉቶኒየም 24,000 ዓመት ይፈልጋል፣ ረጅም ነው፣ ግን እሱም እያረጀ ይደክማል። የማያረጀው እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። ሜርኩሪም አያረጅም። የተጣለ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ከ100,000 ዓመት በኋላም እርሳስ ነው፣ ፊንላንድ ውስጥም እርሳስ ነው፣ ደሴ ቦይ ውስጥም እርሳስ ነው። ለእሱ ግን ሬዲዮ ላይ የሚጨነቅ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዘላለማዊውን ወደ ቦዩ እንጥልና ለሚያረጀው እንቅልፍ እናጣለን። ይህ ነው ልበ ሰፊነት።

ደግሞ ቦዩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቦርከና። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ከሚሴን አልፎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የባሕር በር የለንም ሲባል ሰምታችኋል። ቆሻሻችንም የለውም።

ጨፋ ላይ ከብት ይሰማራል። የሰባው በሬ ወደ ላይ ተመልሶ ደሴ ይመጣል። ባለፈው በዓል ቅርጫ ገብተን ጨጓራው ሲታጠብ ቡጢ የሚያህል የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ተፈታ፣ ፌስታል ነው። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አንዱ ላይ እንዲያውም የጫት ቤት እሰር አለበት። ጋሽ አብሽር ቢላቸውን ጥለው ጮኹ፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚጥል? ሰው አይደለም!» እኔም ወላሂ ሰው አይደለም አልኩ። እሰሩን አውቄዋለሁ፤ የኔው ደንበኛ ያስራል።

አንድ ነገር ግን ለዓለም ልናበረክት እንችላለን። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከኑክሌር መሣሪያ ሥራ የተረፈ ቆሻሻ የሚቀበርበት የጨው ዋሻ አለ፣ 655 ሜትር ጥልቀት። ሊቃውንት ለዚያ ቦታ ተሰብስበው ተጨንቀዋል፤ ከ10,000 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው «እዚህ አትቆፍር» የሚለውን በምን ቋንቋ ይረዳዋል? ትልልቅ የድንጋይ እሾህ እንትከል ያሉም ነበሩ። ምነው ደሴ መጥተው በጠየቁ! ሰፈራችን አጥር ላይ «እዚህ ቦታ ቆሻሻ መጣል በጥብቅ ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ። በጠራ አማርኛ ነው፣ የ10,000 ዓመት ሳይሆን የዛሬ አማርኛ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሥሩ ገራባ፣ የሽንኩርት ልጣጭና አንድ እግር ሸበጥ ተገኘ። ለካ ቦታው ይጠፋቸው ነበር። ኋላ «የጣለ ይቀጣል» ተብሎ ተጨመረበት፤ ክምሩ እጥፍ ሆነ። ኒው ሜክሲኮዎች ሆይ፣ ምንም አትጻፉ።

በረካው ተቀዳ፣ ተመረቅን። ጋሽ አብሽር ድንጋዮቹን ከመስኮቱ አንሥተው ሞከሩ። ሬዲዮዋ እንኳን ልትናገር አልተነፈሰችም። እኔ በኪሴ አዲስ ይዤ ስለነበር ሰጠኋቸው። አሮጌዎቹ እጄ ላይ ቀሩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ የት እንደማስቀምጣቸው ጨነቀኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ መሬት ላይ መጣል አፈርኩ።

«አምጣ እስቲ የኔ ጌታ» አሉ ጋሽ አብሽር። ተቀበሉኝ፣ በሩ ላይ ቆሙ፣ ሰማዩን አዩ። ደመና የለም። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው በአጥሩ ላይ ለቀቋቸው።

ከታች ቆርቆሮ ጧ አለ። ደግሞ ጧ።

«ማነው እሱ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ሰው አለ እኮ እዚህ!»

ጋሽ አብሽር በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። እኔም ሬዲዮዋን ከፍ አደረግኳት።