መጀመሪያ ቱቦው፣ ከዚያ አስፋልቱ

የምክር ቤት እጩው «ከተማ ወደ ዳር ከመለጠጧ በፊት ውስጧ ያለው ባዶ ቦታ ይሠራበት» ማለታቸው ልክ ነው። ቤቶች በተራራቁ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚዘረጋው የውኃ መስመር፣ መንገድና መብራት ይረዝማል። መዘርጋቱስ ይሁን፣ ጥገናው ግን ዕድሜ ልክ ነው! (አስፋልት ካለቀ በኋላ ለቱቦ መልሶ መቆፈሩንማ ተዉት።) ባዶው ቦታ ሲሠራበትና መሬቱ በሲሚንቶ ሲሸፈን ደግሞ ዝናቡ መስረጊያ ያጣል። ስለ ጎርፍ መውረጃ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ስለ አስተዳደር ያሉት ደግሞ ላላ አለብኝ። «ግልጽነት» ሁሉም ይላል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለነዋሪው ክፍት ይሆናል? የኦዲት ሪፖርቱስ ይለጠፋል? የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲቀየር ነዋሪው የሚሰማው ከመጽደቁ በፊት ነው ወይስ ግሬደሩ ደጁ ከቆመ በኋላ? ይህን ቢመልሱልኝ ድምፄን ለመስጠት አላመነታም።