ፓርቲ አዘጋጁም በድምፅ የሚመረጥበት ግቢ

የካቲት ሲገባ በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ከአዳራሽ አዳራሽ ይሯሯጣሉ። የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ዕጩ ነው። መምህሩ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ደቂቃ ይለምኑታል፣ ፊት ወጥተው ይናገራሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሮጣሉ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው እንዲህ ቢለፋ የሚገርም ነገር የለውም። ለእኛ አገር ሰው እንግዳ የሚሆነው የመዝናኛ ኃላፊውም፣ እነሱ በአጭሩ «ኤንትስ» የሚሉት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ደንብ፣ በዚያው ድምፅ መመረጡ ነው። ያሸነፈ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ ወይም ከተመረቀ በኋላ ቆይቶ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ሙሉ ጊዜውን ይሠራል። ወንበሩም ከፕሬዚዳንቱ፣ ከትምህርት ኃላፊውና ከተማሪዎች ደኅንነት ኃላፊው ጎን ነው።

«ፈረንጅ መቼም ጨዋታ ይወዳል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ድግሱን ለማን እንደሰጡት ሳይሆን ሒሳቡን ከማን እንደሚቀበሉ ሲታይ ነው ነገሩ የሚገባው።

መጀመሪያ አቆጣጠሩን እንይ፤ የአገሪቱ ምክር ቤት የሚመረጥበት ስልት ራሱ ነው። መራጩ በዕጩዎቹ ስም ፊት 1፣ 2፣ 3 እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል ይጽፋል። ለአንድ ወንበር ማሸነፊያው ከግማሽ በላይ ነው፤ 2,000 ድምፅ ከተሰጠ 1,001 ያስፈልጋል። ሀ 850፣ ለ 700፣ ሐ 350 አገኙ እንበል። የቀረው 100 ድምፅ የሄደው «ሮን» ወደሚባለው፣ ማለትም «ከነዚህ አንዱንም አልፈልግም፤ ዕጩ እንደገና ይቅረብ» ወደሚለው ሳጥን ነው። ዝቅተኛው ሮን ስለሆነ መጀመሪያ ይወጣል። ከ100ው 60 ሰው ሁለተኛ ምርጫውን ለ «ለ»፣ 20 ለ «ሐ» ሰጥቷል፣ 20 ምንም አልጻፈም። ቀጥሎ 370 የደረሰው ሐ ይወጣል፤ ከሱ 250 ወደ ለ፣ 80 ወደ ሀ ቢሄድ ለ 1,010 ይዞ ያሸንፋል፣ ሲመራ የነበረው ሀ 930 ላይ ይቀራል። ስለዚህ ተፎካካሪውን የሚሳደብ ዕጩ ራሱን ነው የሚጎዳው፤ የተሰደበው ሰው ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫቸውን ይነፍጉታል። ብልጡ ዕጩ የሌላውን ቲሸርት ለለበሰው ልጅ ሳይቀር «አንደኛህ ካልሆንኩ ሁለተኛ አድርገኝ» ይላል።

ሮን ለኛ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ብቻውን የሚወዳደር ዕጩ ግን እንቅልፍ የሚያጣው በሱ ነው። ተፎካካሪ ስለሌለው ብቻ ማንም ወንበር ላይ አይወጣም፤ ባዶ ሳጥን ሊያሸንፈው ይችላል። የምርጫ ወጪ ጣሪያ አለው፤ የቲሸርቱ፣ የፖስተሩ ደረሰኝ ለምርጫ ኮሚቴው ይቀርባል። ደንብ የጣሰ ለተወሰነ ሰዓት ቅስቀሳ ይታገዳል፤ በመጨረሻው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መታገድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የተወዳደረ ያውቀዋል።

ከተመረጡ በኋላ መውረድም አለ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሬዚዳንቷ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚገልጽ መረጃ ከተማሪዎች መመሪያ መጽሔት እንዲወጣ አደረገች፤ ምክንያቷ የወቅቱ ሕግ ይከለክላል የሚል የጠበቃ ምክር ነበር። ተማሪዎች ፊርማ አሰባስበው ሕዝበ ውሳኔ አስጠሩ፤ በጥቅምት ወር 69 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ ትውረድ አለ፣ ወረደች። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያላከራከረው መንገዱ ነው፦ ፊርማ፣ ቀን፣ ድምፅ፣ ውጤት።

አሁን ወደ ድግሱ። የኤንትስ ኃላፊ ሥራው ሐምሌ ላይ ይጀምራል፤ የመስከረሙን የአዲስ ገቢዎች ሳምንት ዘፋኝና ዲጄ ቶሎ ካልያዘ ነሐሴ ላይ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ቀን አመራረጡም ከኛ ይለያል። የአየርላንድ ተማሪ አርብ ከሰዓት ሻንጣውን ይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት ስለሚሄድ ቅዳሜ ማታ የተማሪ ድግስ የሚጠራ ኃላፊ ባዶ አዳራሽ ያገኛል። ምሽቱ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እናስላው። 500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ቲኬት 12 ዩሮ። ለዘፋኙ 2,500፣ ለድምፅና መብራት 900፣ ለአምስት ጥበቃ 750፣ ለመጀመሪያ እርዳታ 200፣ ለማስታወቂያና ቲኬት ሽያጭ 250፤ ድምሩ 4,600 ዩሮ። 384 ቲኬት ሲሸጥ ወጪው ይመለሳል። 300 ብቻ ከተሸጠ 1,000 ዩሮ ኪሳራ ነው፣ እሱም ከተማሪው መዋጮ ይወጣል። ይህን የሚፈራ ኃላፊ ከከተማ ናይት ክለብ ጋር ይዋዋላል፦ ቤቱ በነፃ፣ የመጠጡ ገቢ የክለቡ፣ የበሩ ቲኬት የኅብረቱ። ኪሳራ የለም፤ ግን ክለቡ ትርፉን የሚያገኘው ተማሪው ብዙ ሲጠጣ ስለሆነ፣ በሌላኛው ቢሮ የተቀመጠው የደኅንነት ኃላፊ ስለ መጠጥ ጉዳት ፖስተር እየለጠፈ ጎረቤቱ መጠጥ ያስተዋውቃል። ይህ ቅራኔ እስካሁን አልተፈታም። ነፃ ቲኬትም ወጥመድ ነው፤ ነፃ የወሰደ ብዙ ሰው አይመጣም፣ መምጣት የፈለገው ደግሞ «አልቋል» ተብሎ ቀርቷል። ሁለት ዩሮ ማስከፈል ብቻውን ይህን በአብዛኛው ይፈታዋል።

ትልቁ ድግስ ትሪኒቲ ቦል ነው፤ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ላይ 7,000 ያህል ሰው ሱፍና ረጅም ቀሚስ ለብሶ በታሪካዊው ግቢ ውስጥ፣ በየሜዳው በተተከሉ ድንኳኖችና መድረኮች ሌሊቱን የሚያድርበት። ይህን አንድ የ22 ዓመት ልጅ ብቻውን አይሠራውም፣ አብሮ የሚሠራ የሙዚቃ ዝግጅት ድርጅት አለ። በአየርላንድ ሕግ የበር ጥበቃ የሚሠራ ሰው ከመንግሥት ባለሥልጣን የግል ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። 5,000 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚጠበቅበት የአደባባይ ዝግጅት ደግሞ ለአካባቢው አስተዳደር የፈቃድ ማመልከቻ ቢያንስ ከ13 ሳምንት በፊት ማስገባት አለበት። «ጓደኛዬ በሩ ላይ ይቆማል» የሚባል ነገር አይሠራም።

ትንሹና ለኔ ይበልጥ የሚጥመው ድግስ «ሚስጥራዊ ጉዞ» ነው። የአንድ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ቲኬት ይሸጣሉ፣ መድረሻው ግን አይነገርም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘው አንድ የገጠር ከተማ ይወርዳሉ፣ ያመሻሉ፣ ሌሊቱን ይመለሳሉ። የሚበላሸው ሁልጊዜ በአውቶቡሱ ነው። መፀዳጃ የሌለው አውቶቡስ ርካሽ ነው ብሎ የተዋዋለ ገንዘብ ያዥ ግማሽ መንገድ ላይ ይፀፀታል፤ ውስጡ ከተበላሸ የፅዳት መያዣው ይወረሳል። ሲመለሱ ቆጥሮ የሚያሳፍር ሰው በስም ካልተመደበ ሁለት ልጅ ከተማው ውስጥ ይረሳል።

አገር ቤትስ? የግቢ መዝናኛ ከተማሪዎች ኅብረት እጅ ከወጣ ቆይቷል። ኅብረቱ የሚታወቀው በካፌ ነው፦ ዳቦው አነሰ፣ ወጡ ቀጠነ፣ ውሃ ጠፋ፣ የዶርም ድልድሉ ተዛባ። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። አየርላንዳዊው ኅብረት ሲከራከር የሚውለው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዓመታዊው የተማሪ ክፍያ ነው፤ ክፍያው ለዓመታት እስከ 3,000 ዩሮ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 2,500 ወርዷል። የኛው ልጅ ወጪውን ከተመረቀ በኋላ ስለሚጋራ ጥያቄው ዛሬ ሳህኑ ላይ ነው። ድግሱ የተተወው ለጂሲ፣ ማለትም ለተመራቂ ተማሪዎች ኮሚቴ ነው። ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ፣ የሱፍ ቀን፣ ቲሸርቱ፣ የምረቃ መጽሔቱ፣ ሁሉም በዚያ ኮሚቴ በኩል ያልፋል።

ኮሚቴው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቅን ልጆች ናቸው ያሉት። ችግሩ አሠራሩ ነው። ገንዘቡ በየክፍል ተጠሪው ይሰበሰብና በአንድ ልጅ የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር ውስጥ ይቀመጣል። ለመጽሔት አሳታሚው ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በቃል ስምምነት ነው፤ የገጽ ብዛት፣ የወረቀት ዓይነት፣ የማስረከቢያ ቀን፣ የመዘግየት ቅጣት አይጻፍም። መጽሔቱ ከምረቃ በኋላ ሲመጣ፣ የፎቶው ስም ሲቀያየር፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ኮሚቴውም ተመርቆ ሄዷል። የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ያው አሳታሚ ዘንድ ሄዶ ያንኑ ስህተት ከአንድ ይጀምራል።

በአየርላንድም አመራሩ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ መርሳትም አለ። ልዩነቱ ከተመራጮቹ ጀርባ ቋሚ ሠራተኛ መኖሩ ነው፦ የማይመረጥ ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ በውጭ ኦዲተር የሚታይ ዓመታዊ ሒሳብ። ሐምሌ ላይ አዲሱ ኃላፊ የድሮውን ውል፣ የዲጄውን ዋጋ፣ ባለፈው ዓመት የከሰረውን ምሽት ፋይሉ ውስጥ ያገኛል። ለጂሲ ኮሚቴም ሦስት ነገር ቢደረግ ግማሹ ችግር ይወገዳል፦ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ፣ የተጻፈ ውል ከመጨረሻው 30 በመቶ ክፍያ መጽሔቱ እስኪረከብ ከመያዝ ጋር፣ እና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለቱን በታዛቢነት ማስቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲተርፉ።

መዝናኛና ፖለቲካ በኛም ግቢ የተለያዩ አልነበሩም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «ኮሌጅ ዴይ» የበዓል ቀን ነበር፤ የግጥም ውድድሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት የድሃውን ኑሮ የሚያሰሙ ግጥሞች የተነበቡበት መድረክ ሆነ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በታኅሣሥ 1962 ደግሞ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ኅብረት መምራት እንዲህ የሚያስከፍል በነበረበት አገር ድግስ ማዘጋጀት ቀላል ነገር ተደርጎ ቢቆጠር አይፈረድም።

ትሪኒቲም የራሱ ትግል አለው፣ ዋጋው ግን በዩሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተማሪዎች ለድጋሚ ፈተና የታሰበውን 450 ዩሮ ተቃውመው የመመገቢያ አዳራሹን ያዙ፣ ክፍያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኒቨርሲቲው በተቃውሞዎች ምክንያት ከጥንታዊው የኬልስ መጽሐፍ ጎብኚ ላጣው ገቢ ኅብረቱን 214,285 ዩሮ ጠየቀው። በግንቦቱ መጀመሪያ ተማሪዎች ለፍልስጥኤም ብለው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከሉ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ከተወሰኑ የእስራኤል ኩባንያዎች ድርሻውን ለማውጣት ተስማማ፣ ቅጣቱም ተነሳ። ድንኳን፣ ምግብ፣ ተራ ጥበቃ፣ መፀዳጃ፤ ይህ ሁሉ ድግስ አዘጋጅ የሚያውቀው ሙያ ነው።

በአየርላንድ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ግን ከዚህ ሁሉ ዳር ናቸው። ኮርሱ አንድ ዓመት ነው፣ አካሄዱ ሲገባቸው ያልቃል። አብዛኛው ምሽት መጠጥ ቤት ውስጥ በመሆኑ ጾመኛውም ሙስሊሙም ቀድሞ ይቀራል፤ የቤት ኪራይ ከከተማ ያስወጣው አየርላንዳዊም የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ቀድሟቸው ሄዷል።

እንቁጣጣሽን ግቢ ውስጥ ማክበር ለሚፈልግ አካሄዱ ይህ ነው። በዓሉ ትምህርት ገና ሊጀመር ሲል ወይም በተጀመረ ሰሞን ስለሚውል አዳራሽ በሐምሌ መያዝ አለበት። አዲስ ማኅበር ለመመዝገብ ደንብ፣ ፊርማና የተመረጠ ገንዘብ ያዥ ስለሚጠየቅ ለመጀመሪያው ዓመት አይደርስም፤ ነባሩ የአፍሪካና ካሪቢያን ተማሪዎች ማኅበር ስም አዳራሹን ቢይዝ ይሻላል። ቡናው በከሰል አይፈላም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ቆሎውም ቡናውም ቀድሞ ቤት ይቆላ። ዕጣኑ ውጭ ወይም በር ላይ ይጨስ፣ አለበለዚያ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ እሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ማኅበሩም በሚቀጥለው ጊዜ አዳራሽ ሲጠይቅ ይከለከላል።